የቴሌቪዥኑ ግራ

ውድ እማዬ፣

ፖስታ ቤት አንቺ ያለሽበት ድረስ እንደማያደርስ አላጣሁትም። ግን ሆዴ ውስጥ አላስቀምጥ ያለኝ ወሬ አለ፤ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልንገረው? ዛሬ ፀጉር ቤቱ ጭር ብሏል። የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የገባች አንዲት ደንበኛ ብቻ አለች፣ እሷንም ሙቀቱ ጥሏት ታንኮራፋለች። እኔም የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲኖቹን ወደ ጥግ ገፋ አድርጌ መስታወቱ ሥር ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ።

ወሬው ስለ ባልሽ ነው። ስለ አደራሽም ነው። አደራሽን ልበላ አንድ ሐሙስ ነበር የቀረኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ታውቂኛለሽ፣ ወሬ ከመሃል መቁረጥ አይሆንልኝም። ልጅሽ አግብቶኝ ቤታችሁ የገባሁ ጊዜ፣ ጠዋት ተነስቼ አንገቴን ደፍቼ «እንደምን አደሩ?» ብልሽ ግራና ቀኝሽን አየሽ፣ ከኋላሽም ዞረሽ አየሽ። «ማንን ነው? አንቱ የምትባል ሴትዮ እዚህ ቤት የለችም። አንቺ በይኝ፣ አለዚያ እኔም አንቱ እልሻለሁ፣ ከዚያ እንደ ባዳ ስንከባበር እንኖራለን» አልሽኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አንቺ እንዳልኩሽ አለሁ። አንቺም ብትሆኚ ወገቤ ሰፍቶ፣ የሠርግ ቀሚሴ በክንዴ እንኳ አልገባ ካለ በኋላም «ሙሽሪት» ማለቱን አልተውሽም። አንቺ እጅሽን ዘርግተሽ ብቻ የምታወርጂውን ሳህን እኔ በርጩማ ላይ ወጥቼ፣ በጣቴ ጫፍ ቆሜ ሳወርድ እያየሽ «ሙሽሪት፣ እዚያ ላይ አየሩ እንዴት ነው?» ትይኝ ነበር። ረጅም ሰው ሁሉ ቀልደኛ ነው መሰለኝ።

አባባ ግን ሌላ ናቸው። እኔን ገና ከበሩ እንደ እንግዳ ተቀበሉኝ፣ እንደ እንግዳም አስቀሩኝ። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ»፣ «አትቸገሪ ልጄ»፣ «ተይው፣ እኔ አነሳዋለሁ።» ሾርባውን ባሳርረው እንኳ «ይጣፍጣል» ይሉኛል። ልጅሽ ላይ ይጮሃሉ። ትልቋ ልጅሽ ላይ በስልክ ይጮሃሉ። አንቺ ላይማ ጎረቤት እስኪሰማ ነው። እኔ ላይ ግን አንድ ቀን እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ሌላ ሰው ቢሰማ ታድለሽ ይለኝ ይሆናል። እኔ ግን ውስጥ ውስጡን ቅር ይለኝ ነበር። እንግዳን ማን ይቆጣል?

ያ ባለ እንጨት ሣጥን ቴሌቪዥን ደግሞ አለ። ልጅሽ ስንት ጊዜ አዲስ ልግዛ ብሎ ስንት ጊዜ ተባረረ! ትልቁን ማዞሪያ ቀጭ ቀጭ አድርጎ ጣቢያው ላይ ማቆም ለማንም አያቅትም። ጣጣው ከማዞሪያው ሥር ያለችው ቀለበት ላይ ነው። በሁለት ጣት ይዘሽ፣ ፀጉር የምታህል ወዲህ፣ ፀጉር የምታህል ወዲያ፣ ምስሉ እስኪጠራ ድረስ ታባብያታለሽ። ስትለቂያት ደግሞ ተንሸራታ ትመለሳለች። ስለዚህ አንድ ሰው ቆሞ ሊይዛት ግድ ነው። ያ ሰው ምንጊዜም አንቺ ነበርሽ። አንድ ክርንሽን ሣጥኑ ላይ ደገፍ አድርገሽ፣ አባባ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው፣ ጭቅጭቁ ይጀመራል።

«ወደ ግራ!»

«የማን ግራ? ያንተ ነው የኔ?»

«የቴሌቪዥኑ ግራ!»

«ቴሌቪዥን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ግራ ያለው?»

«አበላሸሽው! አሁን ደህና ነበር እኮ! ወይኔ፣ ይቺ ሴት ታሳብደኛለች!»

«አንተን ለማሳበድ ምን ድካም አለው?»

በዚህ መሃል ዜናው ያልቃል፣ የአየር ሁኔታው ያልፋል፣ እናንተ ገና ግራውን እየፈለጋችሁ ነው።

አንድ ቀን ሻይ ይዤ ስገባ ዓይኔ ቴሌቪዥኑ ላይ አረፈ። ኩልል ብሏል! የዜና አንባቢው ከረባት መስመሩ ይቆጠራል። አባባ ግን «ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ አልኩሽ እኮ!» እያሉ ነው። «ኧረ ጠርቷል እኮ አባ…» ብዬ ሳልጨርስ ክንዴን እንዴት አድርገሽ ቆነጠጥሽኝ! ትሪውን ልለቀው ምንም አልቀረኝ። ኋላ ወጥ ቤት ውስጥ «ምን አደረግኩሽ?» ብዬ ሳኮርፍ በሩን ገፋ አድርገሽ ዘጋሽው።

«ሙሽሪት፣ እኔ ዓይን የለኝም እንዴ? ከጎን ሆኜም ይታየኛል። መጥራቱን ከሱ በፊት ነው የማውቀው።»

«ታዲያ ለምን ቆመሽ ትሰደቢያለሽ?»

«ማዘዝ ይወዳል። ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ሲቀይስ፣ ሰውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲል የኖረ ሰው፣ ጡረታ ወጥቶ ማንን ይዘዝ? እኔን ይዘዝ እንጂ። ሲጮህ አልፈራውም። እኔ የምፈራው ዝም ሲል ነው። አባቱም እንደዚሁ ዝም ብለው ዝም ብለው ነው ያለቁት።»

ከዚያ ቀን በኋላ ምስሉ ጥርት ባለ ቁጥር እኔና አንቺ በዓይን ብቻ እንጠቃቀስ ነበር። ሳቄን ለመደበቅ ስንት ጊዜ ወጥ ቤት ሮጫለሁ።

ሆስፒታል ተኝተሽ እጄን የያዝሽኝ ቀን ስለ ራስሽ አንድም ቃል አልተናገርሽም። «አደራ ሙሽሪት፣ ዝም እንዳይል። ይጩህ፣ ይቆጣ፣ ያማርር። ዝም እንዳይል ብቻ» አልሽኝ። እኔም እሺ አልኩሽ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

አንቺ ካረፍሽ ወዲህ አባባ ዝም አሉ። አልቅሰው ቢሆን ኖሮ ባልፈራሁ ነበር። ጠዋት ተነስተው ይታጠባሉ፣ ሸሚዛቸውን ይቆልፋሉ፣ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ በቃ። ምግብ ሳቀርብ ሁለቴ ጎርሰው «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ በቃኝ» ነው። ቀበቷቸው ላይ ልጅሽ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳበት፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ። ክሊኒክ ብንወስዳቸው ነርሷ መርምራ ስታበቃ ወደ ውጭ ጠራችኝና «በሽታ አላገኘሁባቸውም። እንዲህ ከቀጠሉ ግን አይቆዩም» አለችኝ። ያን ቀን የሰው ፀጉር እየሠራሁ ሁለቴ ጆሮ አቃጠልኩ።

ቴሌቪዥኑም አብሮ ዝም አለ። ጣቢያዎቹ አሠራራቸውን ቀየሩና ያ ሣጥን ነጭ ነጠብጣብ ብቻ የሚርመሰመስበት ሆነ። መቼም ልጅሽን ታውቂዋለሽ፤ መኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ የዋለ ሰው፣ የተበላሸ ነገር አይቶ እጁ አያርፍለትም። አዲስ ቢገዛ እንደሚቆጡ ያውቃል፣ ስለዚህ ሪሲቨር ገዛ፤ ከአሮጌው ሣጥን ጋር የሚያገናኘውን ነገር ራሱ በየደና ገጠመው። ቀለበቷ እንዳትንሸራተት ደግሞ አስተካክሎ በፕላስተር አሰራት። ሲከፍተው፣ እማዬ፣ ያ ቴሌቪዥን በተወለደበት ቀን እንኳ እንዲያ አልጠራም። ደስታውን ብታዪለት! ሪሞቱን አባባ እጅ ላይ አስቀመጠና፣

«ይኸው አባባ! ከእንግዲህ ማንም መነሳት የለበትም» አላቸው።

አባባ ሪሞቱን አገላብጠው አዩት። ምስሉን አዩ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ አዩ። «ጥሩ ነው። እግዜር ይስጥህ» አሉና ተነስተው መኝታ ቤታቸው ገቡ። ልጅሽ ደርቆ ቀረ። «እግዜር ይስጥህ አለኝ እኮ! እኔን! ምነው በጮኸብኝ» አለ፤ ፒንሳውን እንደያዘ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ እንባው መጣ። እኔም ሻይ አፈላሁለት።

በዚያው ሳምንት ትልቋ ልጅሽ ደወለች። ርዕሰ መምህርት ናት አይደል፣ ስልክ ላይም የምታወራው ሰልፍ እንዳስያዘች ነው። «አባዬ እዚያ ቤት በትዝታ ሊያልቅባችሁ ነው። ቅዳሜ መጥቼ ወደኔ እወስደዋለሁ። ልብሱን አዘጋጁ» አለች። ክፋት የላትም፣ እንደኔው ጨንቋት ነው። ግን ወንበሩን ትቶ፣ አንቺ የዞርሽበትን ቤት ትቶ፣ ማንንም በማያውቅበት ሰፈር የሚናገር ሰው አለ? እዚህ ዝም ካሉ እዚያ ሊድኑ ነው? ደግሞ አደራ የተሰጠው ለኔ ነው። ልከልክላት ደግሞ ምን ብዬ? «እኔ ጋ ደህና ናቸው» ልበላት? ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ጠዋት ሻንጣ ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩ፣ በርጩማ ላይ ቆሜ።

ሐሙስ ውሃ ጠፋ። ያለ ውሃ ፀጉር ቤት ምን ይሆናል? ዘግቼ ገና ጠዋቱ ሳያልፍ ወደ ቤት መጣሁ። በሩን ስከፍት ሳሎን ውስጥ ሽሽሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማል። ብቅ ስል አባባ ወንበር ጎትተው ቴሌቪዥኑ አፍንጫ ሥር ቁጭ ብለዋል። ፕላስተሩ ተልጦ አውራ ጣታቸው ላይ ተለጥፏል፣ ቀለበቷ በእጃቸው ናት፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ወጥቷል።

«አባባ! ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም» አሉ ሳይዞሩ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«ለምን?»

ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ አንገታቸውን ደፉ። ፕላስተሩን ከጣታቸው ሊያላቅቁ ቢሞክሩ ሌላኛው ጣታቸው ላይ ተለጠፈ።

«በጣም ጠራብኝ» አሉ።

ቦርሳዬን አስቀምጬ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ፕላስተሩን ከጣታቸው አላቀቅኩላቸው። ከዚያ ራሳቸው ጀመሩ። እስቲ አሁን የሚሉትን ስሚ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው፣ ይህን አንቺም አታውቂውም።

«ያኔ እናታችሁ መንገድ ሥራው ላይ ውሃ ታመላልስ ነበር» አሉ። «ዘንግ ያዣችን ታመመና፣ ረጅም ስለሆነች እስቲ አንቺ ያዢ አልናት። ባለ ቁጥሩን ዘንግ ቀጥ አድርጋ ከማዶ ትቆማለች፣ እኔ በቅየሳ መሣሪያው መነጽር ቁጥሩን አነባለሁ። የድሮ መሣሪያ ታውቂያለሽ? ሰውን ገልብጦ ነው የሚያሳየው። እግር ወደ ላይ፣ ራስ ወደ ታች። እንግዲህ እኔ እናታችሁን በደንብ ያየኋት መጀመሪያ ተገልብጣ ነው። ልጄ ሙች፣ ተገልብጣ እንኳ እንዲያ ያማረች ሴት አይቼ አላውቅም!»

ሳቄን ያዝኩ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነው።

«ቁጥሩን አንብቤ ጨርሻለሁ። ግን ጨረስኩ ካልኩ ዘንጉን አስቀምጣ ወደ ውሃዋ ልትሄድብኝ ነው። ስለዚህ ወደ ግራ አልኳት። ሄደች። ወደ ቀኝ አልኳት። ተመለሰች። ምንም አላጠፋችም እኮ፣ መጀመሪያም ልኩ ላይ ነበረች። በመጨረሻ ፀሐዩ ሲከፋባት 'አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን ታመሃል እንዴ?' ብላ ከማዶ ጮኸችብኝ። አለቀልኝ በቃ።»

«ቴሌቪዥኑስ አባባ?»

«ቴሌቪዥኑም ያው ነው» አሉ። «ስትቀመጥ ከጎኔ ነው የምትቀመጠው። ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው አይተያይም። ያቺን ቀለበት ይዛ ስትቆም ግን ፊት ለፊቴ ናት፣ ብርሃኑ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፣ ትሰድበኛለች። ምስሉን ማን አየው? ጠራ ካልኩ ልትቀመጥ አይደል? እሷ ሞኝ ደግሞ እስከ መጨረሻው አልነቃችብኝም።»

እማዬ፣ ይህን ጊዜ ምን ልሁን? የወጥ ቤቱን ምስጢራችንን ላውጣው? ከማን ጋር ልማከር? ዞር ብዬ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለውን ቦታሽን አየሁ። ዝም እንዳይል ብለሽኛል፣ እኔም ዝም አልልም ብዬ ወሰንኩ።

«አባባ፣ ታውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ምስሉ መጥራቱን። ከጎንም ይታያል።»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ከዚያ ተነሱ። ቀስ እያሉ ዞረው አንቺ የምትቆሚበት ቦታ ቆሙ። ክርናቸውን ሣጥኑ ላይ ደገፉ፣ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ፣ በሁለት ጣት ቀለበቷን ይዘው ወዲህ ወዲያ አሉ። ሽሽሽ የሚለው ድምፅ ቆመ። ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ጋ ቆመው አያውቁም ነበር!

«ይታያል!» አሉ። «ወይ ጉድ! ከዚህ ሁሉም ነገር ይታያል! ይቺ ሴት ዕድሜዬን ሙሉ ስትጫወትብኝ ነዋ የኖረችው!»

ከዚያ ሳቁ። እንዴት ያለ ሳቅ መሰለሽ፣ ሆዳቸውን ይዘው፣ ሣጥኑን እየደበደቡ። ሳቁ እዚያው ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ልቅሶው መልሶ ሳቅ ሆነ፣ እኔም አብሬ የቱ ጋ እንዳለሁ ጠፋኝ። ሲበርድላቸው «ታዲያ ካወቀች ለምን ትቆም ነበር?» አሉኝ። «እርስዎ ዝም እንዳይሉባት» አልኳቸው። መሀረባቸውን አውጥተው መነጽራቸውን ብዙ ጊዜ ወለወሉ። ኋላ «ከትናንትናው ሾርባ የተረፈ አለ?» አሉ። አሙቄ አቀረብኩላቸው፤ ኋላ ሳህኑን ሳነሳው ባዶ ነበር።

ቅዳሜ ትልቋ ልጅሽ መጣች። አባባ ጉዞውን እምቢም እሺም አላሏትም። ልብሳቸውን አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ አስገባች፣ መድኃኒቱን፣ የእግር ሹራቡን። ከመነሳታቸው በፊት ዜና ይሰሙ ተባለና ልጅሽ ከፈተው። ቀለበቷ ታስራ አልነበረችም፤ ምስሉ ተንሸራቶ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆነ። ልጅሽ ፕላስተር ሊያመጣ ብድግ አለ።

«ተው ያንን!» የሚል ድምፅ ቤቱን አናጋው። ማን እንደሆነ ለማመን ጊዜ ወሰደብን። አባባ ወደኔ ዞረዋል፤ እኔ ከበሩ ሥር ብርጭቆ ይዤ ቆሜያለሁ።

«አንቺ! እዚያ ምን ይገትርሻል? ነይ ያዢው እንጂ!»

ብርጭቆውን የት እንዳስቀመጥኩት እስካሁን አላውቅም። ሄጄ ቆምኩ። ቀለበቷን በሁለት ጣት ያዝኩ።

«ወደ ግራ!»

«የማን ግራ?» አልኳቸው።

«የቴሌቪዥኑ ግራ ነዋ! ሌላ የማን ግራ አለ?»

ፀጉር የምታህል አዞርኳት። ምስሉ ኩልል አለ። ትልቋ ልጅሽ ልታግዘኝ አጠገቤ ቆማ ነበርና «ውይ፣ ጠርቷል እኮ አባ…» ስትል ክንዷን ቆነጠጥኳት። ባንቺ አቆነጣጠጥ፣ ሳልሳሳ። ርዕሰ መምህርቷ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

«አበላሸሽው!» አሉ አባባ። «አሁን ደህና ነበር እኮ! ወይኔ፣ ይቺ ልጅ ታሳብደኛለች!»

ይህን ስድብ ስንት ዘመን እንደጠበቅኩት አንቺ ታውቂያለሽ። ልጅሽ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አፍንጫውን ይጠርጋል። እህቱ ክንዷን እያሸች አንዴ እኔን አንዴ አባቷን አየችና፣ ሄዳ ሻንጣውን ከፈተች፤ የእግር ሹራቡን ወደ መሳቢያው መለሰችው። እነሆ አባባ እዚሁ ናቸው። ትናንት ሾርባው ጨው የለውም ብለው ቤቱን በአንድ እግር አቆሙት።

ይቺ ደንበኛዬ ነቃች፣ ካስኩ ውስጥ ሆና እየተንጠራራች ነው። አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ቅዳሜ ዕለት ቀለበቷን ይዤ፣ ስድቤን እየጠጣሁ፣ ቀና ብዬ አባባን አየኋቸው። አጭር መሆኔን መቼም አትረሺውም። ዓይናቸው እኔ ላይ አልነበረም። ከራሴ በላይ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ያንቺ ፊት የሚደርስበት ቦታ ላይ ነበር። «ወደ ቀኝ» አሉ ቀስ ብለው። ምስሉ ጠርቶ ነበር። እኔም ዝም ብዬ ቀለበቷን ወደ ቀኝ አዞርኳት።

ዘንጉን ከያዝሽበት ቀን ጀምሮ ባልሽ ሲያይ የኖረው አንቺን ነው። ይህንን እንድታውቂው ብዬ ነው። ምናልባት በዘንጉም ጊዜ ነቅተሽበት እንደሆነ ግን ስንገናኝ ትነግሪኛለሽ፤ እስከዚያ ቀለበቷን ይዤልሻለሁ።

ሙሽሪትሽ